ርዝመቱ ስለሚለዋወጥ የሞተር አየር ማስገቢያ ቧንቧ

ኦቶሞቢል በቤንዚን ኀይል ይሄዳል ሲባል ኹላችንም እንሰማለን። ነገሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን በዚህ ብቻ አይፈጸምም። ቤንዚን ያለ አየር አይነድምና። አንድ ኪሎ ቤንዚን በሞተር ውስጥ በሚገባ ነድዶ እንዲያልቅ 15 ኪሎ ያህል አየር ያስፈልገዋል። ስለዚህ የሞተር ብርታት የሚወሰነው በሚጠጣው ቤንዚን ብቻ ሳይኾን፥ ይልቁንም በሚስበው አየር ነው። ቤንዚን ጨምሮ መስጠት ቀላል ነው፤ አየር ጨምሮ ማስገባት ግን ጥበብ ይጠይቃል። ከዚህ ቀጥሎ የምንገልጸው ከነዚሁ ጥበቦች አንዱን፥ ይኸውም ርዝመቱ የሚለዋወጠውን የአየር ማስገቢያ ቧንቧ ነው። መካኒኮች ይህን ቧንቧ ማኒፎልድ ይሉታል።

ሞተር አየር የሚስብበት ኹኔታ

በሞተሩ ውስጥ ሲሊንደር የሚባሉ ክብ ጕድጓዶች አሉ፤ በእያንዳንዱም ውስጥ ፒስቶን ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳል። ሥራው በአራት ይከፈላል። መጀመሪያ ፒስቶኑ ሲወርድ፥ የአንጥረኛ ወናፍ ሲከፈት አየር እንደሚስብ፥ እርሱም አየርን ይስባል። ሁለተኛ፥ ሲወጣ የሳበውን ይጨምቃል። ሦስተኛ፥ ቤንዚኑ በእሳት ብልጭታ ነድዶ ፒስቶኑን በኀይል ወደ ታች ይገፋዋል። አራተኛ፥ ፒስቶኑ ሲመለስ ጢሱን ያስወጣል። አየር የሚገባበት በር ቫልቭ ይባላል።

ይህ ኹሉ የሚደረግበት ጊዜ እጅግ አጭር ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር፥ አንዱ መሳብ በሴኮንድ 100ኛ ክፍል ይፈጸማል፤ 6,000 ጊዜ ሲዞር ግን በ200ኛው ክፍል ይፈጸማል።

ርዝመት ለምን ይጠቅማል?

ቫልቩ ተከፍቶ ፒስቶኑ በሚስብበት ጊዜ፥ በቧንቧው ውስጥ በቫልቩ አጠገብ ያለው አየር ይሳሳል። ይህ መሳሳት እዚያው አይቀርም፤ እንደ ድምፅ ማዕበል ኾኖ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል እየተጓዘ ወደ ቧንቧው ሌላ ጫፍ ይደርሳል። ጫፉ ወደ ሰፊው የአየር ሣጥን የተከፈተ ስለ ኾነ፥ ማዕበሉ ከዚያ ይመለሳል፤ ሲመለስም ጠባዩን ለውጦ የሚገፋ ማዕበል ይኾናል። ቫልቩ ሊዘጋ ሲል ቢደርስ ተጨማሪ አየር ወደ ሲሊንደሩ ይጨምራል። ቫልቩ ከተዘጋ በኋላ ቢደርስ ግን፥ በር ከተዘጋ በኋላ እንደ መጣ እንግዳ፥ በውጭ ይቀራል።

እንግዲህ የቧንቧው ርዝመት የማዕበሉ መንገድ ነው። ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ቫልቩ ረዘም ላለ ጊዜ ተከፍቶ ስለሚቈይ ረጅም ቧንቧ ይስማማዋል፤ በፍጥነት ሲዞር ደግሞ ጊዜው ስለሚያጥር አጭር ቧንቧ ይስማማዋል። ያገራችን እምቢልታ ነፊዎች ይህን ነገር በሥራቸው ያውቁታል፤ ረጅሙ እምቢልታ ወፍራም፥ አጭሩ ቀጭን ድምፅ ያወጣልና። እንደዚሁም ርዝመቱ የማይለወጥ ቧንቧ ከአንድ ዐይነት ፍጥነት ጋራ ብቻ በሚገባ ይስማማል።

ሁለት ምሳሌዎች

በፈረንጆች አቈጣጠር በ1960 ዓ.ም. በአሜሪካ የክራይስለር ኩባንያ 300ኤፍ ለተባለው ኦቶሞቢል ሁለት ዐይነት ቧንቧ ሠራ። ሁለቱም ከውጭ ሲታዩ 76 ሳንቲሜትር ያህል ነበሩ፤ በሁለተኛው ግን በውስጥ ያለው ግድግዳ በከፊል ተነሥቶ ስለ ነበር፥ ለማዕበሉ የሚቈጠረው ርዝመት ግማሽ ኾነ። ረጅሙን የያዘው ሞተር 375 የፈረስ ጕልበት፥ አጭሩን የያዘው 400 የፈረስ ጕልበት ነበረው። በዚህ ብቻ ቢፈረድ አጭሩ ይበልጣል። ነገር ግን የመጐተት ኀይላቸው ሲመዘን፥ ባለ ረጅሙ በደቂቃ 2,800 ዙር 671 ኒውተን ሜትር ሲሰጥ፥ ባለ አጭሩ 630 ብቻ ሰጠ፤ ይህንንም የሰጠው 3,600 ዙር ደርሶ ነው። በላይ ያገኘውን በታች ከፍሎበታል ማለት ነው።

መሐንዲሶች ሁለቱን ጥቅም በአንድ ሞተር ለማግኘት ሲሉ በቧንቧው ውስጥ የሚከፈትና የሚዘጋ ክዳን አገቡበት። ክዳኑ ሲዘጋ አየሩ በረጅሙ መንገድ ይዞራል፤ ሲከፈት በአጭሩ ያቋርጣል። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ የጀርመን ኩባንያ ቢ.ኤም.ደብልዩ. ባለ ስምንት ሲሊንደር በኾነ ሞተሩ ላይ፥ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚዞር ክፍል አድርጎ፥ ርዝመቱን ከ67 እስከ 23 ሳንቲሜትር ድረስ በጥቂት በጥቂቱ የሚለውጥ ቧንቧ አወጣ።

ለእኛ የሚሰጠው ትምህርት

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች፤ በዚህም ከፍታ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። አየርን በግድ የሚያስገባ ቱርቦ የተባለ መሣሪያ የሌለው ሞተር ኀይሉ ወደዚያ በሚጠጋ መጠን ይቀንሳል። ርዝመቱ የሚለዋወጥ ቧንቧ ይህን ጕድለት አይሞላም፤ የሌለ አየር አይፈጥርምና። ያለውን ግን በጊዜው ያደርሳል።

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ወርዶ ወደ ደጀን የሚሻገር መኪና ከሺህ ሜትር የሚበልጥ አቀበት ይጠብቀዋል። ሰውና እህል ጭኖ ለሚወጣ ሾፌር የሚረዳው በዝቅተኛ ዙር የሚገኘው የመጐተት ኀይል ነው። ስለዚህ ለማኅበርም ኾነ ለንግድ መኪና የሚገዛ ሰው የፈረስ ጕልበቱን ቍጥር ብቻ አይቶ አይወስን። ያ ቍጥር በስንት ዙር እንደሚገኝ፥ የመጐተት ኀይሉም በስንት ዙር እንደሚበረታ ይጠይቅ። ይህን ሳይጠይቅ የገዛ ሰው፥ በሜዳ የሚፈጥን በአቀበት የሚያቃትት መኪና ገዝቶ የማኅበሩን ገንዘብ ሊያባክን ይችላል።

ደግሞም ክዳኑ በጥላሸት ተጣብቆ ወይም የሚያንቀሳቅሰው መሣሪያ ተበላሽቶ ሊቀር ይችላል። በአጭሩ መንገድ ላይ ቢቀር መኪናው በዝቅተኛ ዙር ይደክማል፤ በረጅሙ ላይ ቢቀር በከፍተኛ ዙር ይታፈናል። እንዲህ ያለ ድካም ሲታይ፥ ሞተሩ አርጅቷል ብሎ ብዙ ገንዘብ ከማውጣት አስቀድሞ ክዳኑን ማስመርመር ይገባል።

መምህራንም ይህን በክፍል ውስጥ ያለ ወጪ ሊያሳዩ ይችላሉ። ውፍረታቸው እኩል የኾነ ሁለት ሸምበቆ ይቈረጥ፤ አንዱ 30፥ ሁለተኛው 15 ሳንቲሜትር ይኹን፤ የኹለቱም ታች ይደፈን። ከዚያ ተማሪው በአፋቸው ላይ አግድም ይንፋ። አጭሩ ከረጅሙ ይልቅ ቀጭን ድምፅ ሲያወጣ፥ ልጆቹ የማዕበሉ መንገድ ሲያጥር ጊዜውም እንደሚያጥር በጆሯቸው ይረዱታል። ይህን የተረዳ ልጅ ነገ የሞተር ክዳን ሲከፈትና ሲዘጋ ቢያይ፥ ምክንያቱን ሌላ ሰው ሳይነግረው ያውቀዋል።