ካርታችሁ ባንክ ከገባ
የቤት ካርታ አስይዞ በተወሰደ ብድር የተገዛው አይሱዙ የጭነት መኪና ሞተሩ ወርዶ አዳማ ጋራዥ ቆሟል። የጅቡቲ መስመር ገቢ ቀረ፤ የባንኩ ወርኃዊ ክፍያ ግን ቀኑን አይስትም። በጥብቅና ሥራዬ እንዲህ ያለ ባለጉዳይ አያለሁ፤ ብዙው ከባንክ ሲደወልለት ስልኩን አያነሳም። ትልቁ ጥፋት ይሄ ነው።

ብዙ ሰው «ፍርድ ቤት እንከራከራለን» ይላል። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 ግን ባንኩ በውሉ ሥልጣን ከተሰጠው፣ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን ያለ ፍርድ ቤት በሐራጅ ይሸጣል። በሁለተኛው ሐራጅ ገዢ ከጠፋ በአዋጅ ቁጥር 216/1992 ቤቱን ራሱ ሊረከበው ይችላል። ለወንድሙ ብድር ካርታ ያስያዘም አይቀርለትም።

ስለዚህ ማስጠንቀቂያው ሳይደርሳችሁ የመክፈያ ጊዜ ማራዘሚያ ጠይቁ። በቃል አይሁን፤ የጋራዡን ደረሰኝ አያይዛችሁ በደብዳቤ አስገቡ፣ ቀሪው ላይ የመዝገብ ቤቱን ማኅተም አስመቱ።