ዓይን ፊትን እንዴት ይማራል?

ካንጋተን በኦሞ ወንዝ ዳርቻ ያለች የኛንጋቶም ወረዳ ከተማ ናት። ከእርሷ ወደ ሰሜን፣ በሙርሲዎች አገር፣ ሴት ልጅ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ የታችኛው ከንፈሯ ተበስቶ ቀስ በቀስ ይሰፋና ሸክላ ይገባበታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ መንገደኛ ዓይኑን መንቀል ያቅተዋል። አብሯት ያደገ ሰው ግን የሚያየው እህቱን ነው። ሁለቱ የሚያዩት አንድ ፊት ሆኖ ሳለ እይታቸው ለምን ተለያየ?

ሰው ፊትን መፈለግ የሚጀምረው ገና ሲወለድ ነው፤ የሰዓታት ዕድሜ ያለው ጨቅላ ፊት የሚመስል ሥዕል ሲንቀሳቀስ በዓይኑ ይከተለዋል። ሶቪየታዊው ተመራማሪ አልፍሬድ ያርቡስ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የተመልካቾችን የዓይን እንቅስቃሴ ሲለካ፣ እይታ ግንባርንና ጉንጭን አልፎ ወደ ዓይንና ወደ አፍ ደጋግሞ እንደሚመለስ አሳየ። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ ፊት ላይ ስንጥቅ ወይም ጠባሳ ሲኖር እይታ ወደዚያ እንደሚሳብ አረጋግጠዋል። ይህ የመጀመሪያ እይታ ሳናዝዘው የሚመጣ ነው፤ ማንንም ክፉ አያሰኝም።

ከዚያ በኋላ ያለው ግን የተማርነው ነው። አእምሯችን እስከ ዛሬ ካየናቸው ፊቶች አማካይ መልክ ይሠራል፤ አዲሱንም ፊት በዚያ ይመዝነዋል። ሚዛኑ ደግሞ ይለወጣል። ሰዎች የተዛባ ፊት ለጥቂት ደቂቃ እንዲያዩ ሲደረግ፣ ያ መልክ እየተለመደ ሄዶ ትክክለኛው ፊት ራሱ በተቃራኒው የተዛባ ይመስላቸዋል። ጥቂት ደቂቃ ይህን ካደረገ፣ አብሮ መኖርማ ምን ያህል ያደርግ!

ስለዚህ በእኔ እምነት ከንፈሩ ተሰንጥቆ በመወለዱ ከሰው የተሸሸገ ልጅ የሚጎዳው ሁለት ጊዜ ነው። እርሱ ሰው አያይም፣ ሰውም እርሱን አይለምድም። ከንፈሩ ወይም ላንቃው ተሰንጥቆ የሚወለድ ልጅ በዓለም ዙሪያ ከ700 ሕፃናት አንድ ገደማ ነው። የላይኛው ከንፈር በእርግዝና ከ4ኛው እስከ 7ኛው ሳምንት ከግራና ከቀኝ መጥቶ ይገጥማል፤ ሳይገጥም ሲቀር ስንጥቁ ይኖራል። እርግማንም የፀሐይ ግርዶሽም አያመጣውም፤ እናቲቱም አልበደለችም።

እምነት ሲለወጥ እይታ እንደሚለወጥ ደቡብ ኦሞ ራሱ ምስክር ነው። በካራዎች ዘንድ የላይኛው ጥርሱ ቀድሞ የበቀለ ሕፃን ሚንጊ ይባል ነበር፤ ድርቅና በሽታ ያመጣል ተብሎም ይገደል ነበር። የካራው ተወላጅ ላሌ ላቡኮ ሽማግሌዎቹን እየለመነ፣ ልጆቹን እያዳነ ጂንካ ውስጥ እንዲያድጉ አደረገ። በ2004 ዓ.ም. የካራ ሽማግሌዎች ልማዱን በይፋ አስቀሩ። ጥርሱ ያው ጥርስ ነው፤ የተለወጠው የተመልካቹ ልብ ነው።

የከንፈር ስንጥቅ በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል፤ ብዙውን ጊዜ ሕፃኑ 3 ወር ገደማ ሲሆነው ይሠራል፤ ላንቃው የተሰነጠቀ ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 18 ወር ሳይሞላው ይሠራል። አዲስ አበባ ያለው የካቲት 12 ሆስፒታል ይህን ሕክምና ከሚሰጡት አንዱ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ አትሸሽጉት፤ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ውሰዱትና ሪፈር አጽፉለት። እናንተ መንገድ ላይ የምታገኙት ደግሞ፣ ዓይናችሁ ከንፈሩ ላይ ካረፈ በኋላ ወደ ዓይኑ መልሱትና ሰላም በሉት።