የቆዳ ነቀርሳን በመፋቅ ስለ ማከም

ነቀርሳ የሚለውን ስም የሰማ ሰው ሁሉ ልቡ ይደነግጣል። ዳሩ ግን ነቀርሳ ሁሉ አንድ አይደለም። ከቆዳ ነቀርሳዎች መካከል በዓለም ላይ እጅግ የሚበዛው ሐኪሞች ባዛል ሴል ካርሲኖማ የሚሉት ነው፤ ይኸውም ነጭ ቆዳ ባላቸው ሰዎች ፊትና አንገት ላይ ይበዛል፤ በዝግታ ያድጋል፤ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍልም እምብዛም አይዛመትም።

ይህን ነቀርሳ ከሚያጠፉት ሕክምናዎች አንዱ መፋቅ ነው። ሐኪሙ ሥፍራውን በመርፌ ካደነዘዘ በኋላ ኩሬት በተባለው፥ ጫፉ ትንሽ ማንኪያ ወይም ቀለበት በሚመስል ስለታም መሣሪያ እብጠቱን ይፍቃል። የነቀርሳው ሥጋ ለስላሳ ነውና በቀላሉ ይላቀቃል፤ ጤናማው ቆዳ ግን ጠንካራ ስለ ሆነ መሣሪያውን ይመክታል። ከዚያም የቁስሉን መሠረት በኤሌክትሪክ ይተኩሰዋል፤ ይህንኑም ሁለት ሦስት ጊዜ ይደጋግማል። ስፌት አያስፈልግም፤ ሕመምተኛውም በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይገባል።

ውጤቱስ ምን ያህል ነው? እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1989 የብዙ ጥናቶችን ውጤት አሰባስበው የወጡ ምርመራዎች እንደሚያስረዱት፥ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው ነቀርሳ ከተፋቀ በኋላ በ5 ዓመት ውስጥ የተመለሰው ከ100 ወደ 8 በሚሆኑት ላይ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ታክሞ የተመለሰው ነቀርሳ ሲፋቅ ግን ከ100 ወደ 40 በሚሆኑት ላይ እንደገና ተመልሷል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕክምና ታላቅ ዋጋ አለው።

መፋቅ ለሁሉም አይበጅም። የተፋቀው ሥጋ ስለሚሰባበር፥ ነቀርሳው ከነዳሩ መውጣቱን በማይክሮስኮፕ ማረጋገጥ አይቻልም። በአፍንጫ፥ በዓይን ሽፋን፥ በጆሮና በከንፈር ላይ ሲሆን፥ ወይም ሥሩ ጠልቆ ስብ ሲደርስ፥ ቆርጦ ማውጣት ይመረጣል።

በአገራችን ይህ ልዩነት በተለይ ሊታወቅ ይገባል። ጥቁርና ጠይም ቆዳ ባለው ሰው ላይ ስኩዌመስ ሴል የተባለው ሌላው ነቀርሳ ብዙ ጊዜ ከአሮጌ የቃጠሎ ጠባሳ ወይም ለዓመታት ካልሻረ የእግር ቁስል ይነሣል፤ ወደ ንፍፊትም ሊዛመት ስለሚችል መፋቅ አይበቃውም። ያለ ቆዳ ቀለም የተወለዱ ወገኖቻችንም ፀሐይ በብርቱ ስለምትጎዳቸው ባርኔጣና ረጅም እጅጌ አይለያቸው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ከወር በላይ ያልሻረ፥ የሚደማ ወይም የሚያድግ ቁስል በቤትህ ካለ፥ በምላጭ አትንካው፤ በሚያቃጥል ቅጠልም አትሸፍነው፤ ለሐኪም አሳየው። የነቀርሳውን ዓይነት ለይቶ መፋቅ ይበቃው እንደ ሆነ የሚፈርድ እርሱ ነው። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህም ይሠራል።