ሞኒካ ሴሌስ፦ ከሃምቡርግ በፊት

(ድምፅ፦ ራኬት ኳስ ሲመታ፣ የተመልካች ጭብጨባ፤ ቀስ እያለ ይደበዝዛል)

የሞኒካ ሴሌስ ስም ሲነሳ ወሬው ወዲያው ሃምቡርግ ይገባል። አፕሪል 30 ቀን 1993፣ ቢላዋ የያዘ ሰው፣ በጨዋታ መሃል ወንበር ላይ አረፍ ያለች የ19 ዓመት ልጅ። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄም ሁሌ አንድ ነው፤ ባትወጋ ኖሮ ስንት ዋንጫ ታነሳ ነበር? ጥያቄው ከአዘኔታ የመነጨ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ያላነሳቻቸውን ዋንጫዎች ስንቆጥር ያነሳቻቸው ከእጃችን እያመለጡ ነው። አንዲት ስፖርተኛ በሠራችው ሳይሆን በተፈጸመባት ነገር ብቻ እንድትታወቅ መፍረድ ሁለተኛ በደል ነው ብለን እናምናለን። የዛሬው ዝግጅታችን ስለዚህ ከሃምቡርግ በፊት ያለውን ይዞ ቀርቧል። ያ ዘመን ማንም «ቢሆን ኖሮ» ብሎ ሳይጨምርበት በራሱ የተሟላ ታሪክ ነው። በዝግጅቱ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

(ምስል፦ ኖቪ ሳድ፤ የዳኑብ ወንዝ፣ ፎቅ መኖሪያ ቤቶች፣ የመኪና ማቆሚያ)

ሞኒካ የተወለደችው በዲሴምበር 1973 ኖቪ ሳድ ነው፤ ያኔ በዩጎዝላቪያ፣ ዛሬ በሰርቢያ በምትገኘው የዳኑብ ዳር ከተማ። ቤተሰቡ ከአካባቢው የሃንጋሪ ተወላጆች ወገን ነው። አባቷ ካሮይ ሴሌስ በጋዜጣ ላይ ካርቱን እየሣሉ የሚተዳደሩ ሰው እንጂ የቴኒስ አሰልጣኝ አልነበሩም። ልጃቸውን ያለማመዱት ከሚኖሩበት ፎቅ ሥር ባለው የመኪና ማቆሚያ ነው። መረብ ስላልነበረ በቆሙት መኪኖች መካከል ሲባጎ ይወጠራል። ልጅቷ እንዳይሰለቻት ደግሞ አባት የሙያቸውን ያህል አደረጉ፤ ብዕራቸውን አንስተው ኳሷ ላይ የጄሪን ፊት ሣሉላት። ቶምና ጄሪን የማያውቅ ተመልካች ያለን አይመስለንም። በዚያ መኪና ማቆሚያ ሞኒካ ድመቱን ሆነች፤ ሥራዋም አይጡን ማሳደድ ነበር። የጆሮዎቹን ክብ፣ የሹል አፍንጫውን ጫፍ ለማየት ዓይኗን ከኳሷ ላይ መንቀል አትችልም። አይጥ ደግሞ እስኪርቅ አይጠበቅም፤ ሳያመልጥ ነው የሚመታው። ከዓመታት በኋላ የዓለም ታላላቅ ተጫዋቾችን ግራ ያጋባው አመታቷ ከዚህ የተለየ አልነበረም። ኳሷ መሬት ነክታ ወደ ላይ ስትነሳ፣ ገና ጉልበቷን ሳትጨርስ ትቀድማታለች። ተጋጣሚዋ ከመታች በኋላ ወደ ቦታዋ ለመመለስ የምትፈልጋት ያቺ ግማሽ ሰከንድ ትነጠቃለች። ፎርሃንዱንም ባክሃንዱንም በሁለት እጇ የምትመታው ከልጅነቷ ጀምሮ ነው፤ ይህንንም ያስያዟት አባቷ ናቸው። በሁለት እጅ የሚመታ ሰው ርቆ ለመድረስ ይቸገራል፤ ሩቅ ኳስ ላይ አንድ እርምጃ መጨመር ግድ ይለዋል። ሞኒካ ያንን እርምጃ በሩጫ ከፈለች። በምላሹ ያገኘችው ኳሷን ወዴት እንደምትልካት እስከ መጨረሻዋ ቅጽበት የማይታወቅ፣ ከሜዳው ጠርዝ እስከ ጠርዝ የሚቀድድ ስል አቅጣጫ ነው።

ይህ ለጆሮ የሚጥም ተረት ነው፣ ሻምፒዮን የሚሠራው ግን በገንዘብና በአካዳሚ ነው የሚሉ አሉ። ከፊል እውነት አላቸው። በኖቪ ሳድ ሳለች ከየሌና ጌንቺች ጋር ሠርታለች፤ ኋላ ትንሹን ኖቫክ ጆኮቪችን ያሠለጠኑት እኚሁ ሴት ናቸው። በ1985 በ11 ዓመቷ ማያሚ ላይ የኦሬንጅ ቦውል ውድድርን በዕድሜዋ ክልል ስታሸንፍ አሰልጣኙ ኒክ ቦሌቲየሪ አዩዋት። በ1986 መጀመሪያ ከወንድሟ ከዞልታን ጋር ወደ ፍሎሪዳ አካዳሚያቸው ገባች። ወላጆቿ የተከተሏት ወራት ቆይተው ነው። እዚህ ላይ ለአፍታ መቆም ያስፈልጋል። የ12 ዓመት ልጅ ከወላጆቿ ተለይታ፣ ቋንቋውን በማታውቀው አገር በቀን በቀን የምትለካበት ሕይወት ውስጥ መግባቷ ውጤቱ አማረ ተብሎ ብቻ የሚታለፍ አይደለም። የሴቶች ቴኒስ ማኅበርም ታዳጊዎች በዓመት የሚጫወቱትን የውድድር ብዛት በደንብ የገደበው ከዓመታት በኋላ፣ በሌሎች ልጆች ላይ የደረሰውን ካየ በኋላ ነው። ወደ ክርክሩ ስንመለስ ግን፣ አካዳሚው ሜዳና ጠንካራ ተጋጣሚ ሰጣት እንጂ አመታቷን አልፈጠረላትም። በ1990 ከቦሌቲየሪ ጋር ስትለያይ አሠልጣኟ አባቷ ነበሩ፤ ታላላቆቹ ድሎችም በአብዛኛው የመጡት ከዚያ ወዲህ ነው።

(ምስል፦ ፓሪስ፣ ሮላንድ ጋሮስ፣ ጁን 1990)

በ1989 ሂውስተን ላይ ክሪስ ኤቨርትን በፍፃሜ አሸንፋ የመጀመሪያውን የባለሙያ ዋንጫ ስታነሳ 15 ዓመቷ ነበር። በቀጣዩ ዓመት በርሊን ላይ ስቴፊ ግራፍን ረታች። ግራፍ እስከዚያ ቀን ድረስ 66 ጨዋታዎችን በተከታታይ አሸንፋ ነበር። ከዚያ ሁለቱ ፓሪስ ላይ በፍፃሜ ተገናኙ። አሁን የምታዩት የመጀመሪያው ዙር ታይብሬክ ነው። ግራፍ 6 ለ 2 ትመራለች፤ ዙሩን ለመውሰድ አንድ ነጥብ ይበቃታል፣ ያቺን አንድ ነጥብ ለማግኘትም አራት ዕድል አላት። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ ተጫዋች፣ ያውም የ16 ዓመት ልጅ፣ ኳሷን መሃል ሜዳ ላይ እያስቀመጠ የሌላውን ስህተት ቢጠብቅ ማንም አይፈርድበትም። ሞኒካን ግን እዩዋት፤ ወደ መስመሩ ጠጋ ትላለች እንጂ ወደ ኋላ አትሸሽም። ስድስት ነጥብ በተከታታይ ወስዳ 8 ለ 6 አሸነፈች፤ ሁለተኛውን ዙር 6 ለ 4 ጨመረችበት። በ16 ዓመት ከስድስት ወር ዕድሜዋ በሮላንድ ጋሮስ ታሪክ በዕድሜ ትንሿ ሻምፒዮን ሆነች።

በማርች 1991 የዓለም ቁጥር አንድ ሆና ግራፍ 186 ሳምንት ያለማቋረጥ የያዘችውን ደረጃ ስትረከብ 17 ዓመቷ ነው። ከዚያ ያለውን ዘመን በቁጥር መናገር ይሻላል፤ ቁጥሩ ከማንኛውም ቅጽል ይበልጥ ይናገራልና። ከጃንዋሪ 1991 እስከ ፌብሩዋሪ 1993 በ34 ውድድሮች ተሰልፋ በ33ቱ ፍፃሜ ደረሰች፣ 22ቱን አሸነፈች። በሁለት ዓመት ውስጥ ከፍፃሜ በፊት የተሰናበተችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው ማለት ነው። በግራንድ ስላም መድረኮች ካደረገቻቸው 56 ጨዋታዎች የተሸነፈችው በአንዱ ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን የተወለደችበት አገር በጦርነት እየፈረሰ ነበር፤ በስሟ አጠገብ የሚጻፈው የአገር ስም ከሥሯ እየጠፋ ነበር። ያ ለአንዲት የ18 ዓመት ልጅ ምን ማለት እንደሆነ የውጤት ሠንጠረዥ አይነግረንም፤ እኛም አንገምትላትም።

ያቺ አንዷ ሽንፈት የደረሰባት በ1992 የዊምብልደን ፍፃሜ ነው። ስትመታ የምታሰማውን ጩኸት ናታሊ ቶዚያና ማርቲና ናቭራቲሎቫ ለዳኛ ከስሰው ነበር፤ የለንደን ጋዜጦችም ጩኸቱን መለካት ያዙ። ፍፃሜውን ድምፅዋን አፍና ተጫወተችና በግራፍ 6 ለ 2፣ 6 ለ 1 ተሸነፈች። ሽንፈቱን ለዝምታዋ ብቻ መስጠት ግራፍን መበደል ነው፤ በሣር ሜዳ ላይ ግራፍ በዘመኗ አቻ አልነበራትም። የሚያሳዝነው ሌላ ነው። ገና በዚያን ጊዜ የሞኒካ ጨዋታ ቀርቶ በጨዋታዋ ዙሪያ ያለው ነገር ርዕስ መሆን መጀመሩ ነው።

የግራፍ ወዳጆች የሚያነሱት ቁጥር አለ፣ ቁጥሩም ትክክል ነው። እስከ 1993 ጸደይ ሁለቱ አሥር ጊዜ ተጋጥመው ስድስቱን ያሸነፈችው ግራፍ ናት። ታዲያ የትኛዋ ነበረች የበላይ? ከስድስቱ ሦስቱ የተመዘገቡት በ1989፣ ሞኒካ የ15 ዓመት ልጅ ሳለች ነው። ከዚያ ወዲህ ባሉት ሰባት ጨዋታዎች ሞኒካ 4 ለ 3 ትበልጣለች። በግራንድ ስላም ፍፃሜ ከተገናኙባቸው አራት ጊዜያት ሦስቱን የወሰደችው እሷ ናት፤ ፓሪስ በ1990፣ ዳግም ፓሪስ በ1992 ሦስተኛውን ዙር 10 ለ 8 ጨርሳ፣ ሜልበርን በጃንዋሪ 1993 የመጀመሪያውን ዙር ተሸንፋ ከተመለሰች በኋላ። እንዲያውም ይህ ቁጥር ክርክራችንን ያጠነክረዋል። ሞኒካ የተነሳችው ባዶ ዙፋን ላይ አይደለም። ከፊቷ የቆመችው በ1988 አራቱንም ግራንድ ስላምና የኦሎምፒክ ወርቅ በአንድ ዓመት የሰበሰበች፣ በሙሉ አቅሟ ላይ ያለች ተጫዋች ናት። ሞኒካ ሜልበርን ላይ ስምንተኛውን የግራንድ ስላም ዋንጫ ስታነሳ ከ19ኛ ልደቷ ሁለት ወር አላለፈም ነበር።

(ምስል፦ የሃምቡርግ የቴኒስ ሜዳ፣ ባዶ፤ የጥቃቱ ምስል አይታይም)

እስካሁን ሃምቡርግን ወደ ጎን ትተነዋል። ከዚህ በላይ ማለፍ ግን አይቻልም፤ የምስል ማህደሩም አይፈቅድም፣ ከዚያ ቀን በኋላ ከሁለት ዓመት በላይ የሞኒካ ጨዋታ የለበትምና። በሩብ ፍፃሜ ማግዳሌና ማሌቫን 6 ለ 4፣ 4 ለ 3 እየመራች ቦታ ሲቀያየሩ ወንበሯ ላይ እንዳረፈች አንድ ሰው ከኋላዋ ቀርቦ በትከሻዎቿ መካከል ወጋት። ቁስሉ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይጠልቃል። ሰውየው ዓላማው ግራፍን ወደ ቁጥር አንድ መመለስ እንደነበር ተናግሯል፤ ግራፍ በዚህ ውስጥ አንዳች ጥፋት የለባትም። ስሙን አንጠራም፣ ምስሉንም አናሳይም። ፍርድ ቤት የሁለት ዓመት እስራት ፈርዶ በገደብ ለቀቀው። ውድድሩም ሳይቋረጥ እስከ ፍፃሜው ቀጠለ። ሞኒካ ከዚያ በኋላ ጀርመን ውስጥ ተጫውታ አታውቅም።

ያልተነሱትን ዋንጫዎች መቁጠር ለተበደለች ሰው ፍትሕ መጠየቅ ነው የሚል ይኖራል። ፍትሕ መጠየቁ ይገባል፤ የሚጠየቅበት ቦታ ግን ሌላ ነው። ስንት ታሸንፍ እንደነበር ማንም አያውቅም፣ በግምት የሚሞግት ሁሉ የራሱን ምኞት ነው የሚቆጥረው። የሚታወቀውና የሚያስጠይቀው ከጥቃቱ ጥቂት ቀናት በኋላ ሮም ላይ የተደረገው ነው። በከፍተኛ ደረጃ ላይ ያሉ ተጫዋቾች ሞኒካ እስክትድን ቁጥር አንድ ደረጃዋ ይጠበቅላት ወይ ተብለው ተጠየቁ። አይጠበቅላትም አሉ፤ ድምፀ ተዓቅቦ ያደረገችው ጋብሪኤላ ሳባቲኒ ብቻ ናት። ደረጃ የሚለካው የሚጫወተውን ነው፣ የተጎዳ ሁሉ ደረጃው ይጠበቅልኝ ቢል ሥርዓት አይኖርም የሚለው መከራከሪያ በተራ ጉዳት ላይ ያስኬዳል። ይህ ግን ጉልበት ማበጥ አልነበረም። በሥራ ቦታዋ፣ በጨዋታ ሰዓት፣ ደረጃዋን ለሌላ ለማስረከብ ታስቦ የተፈጸመ ጥቃት ነው። በጁን ወር ግራፍ ወደ ቁጥር አንድ ስትመለስ አጥቂው የፈለገው በደንብ አሠራር ተፈጸመለት። አንድ መስመር በደረጃ ሠንጠረዡ ላይ ማቆየት ማንንም ምንም አያሳጣም ነበር።

(ምስል፦ ቶሮንቶ፣ ኦገስት 1995)

በ1995 ስትመለስ ያኔ የተጫዋቾች ማኅበር ፕሬዝዳንት የነበረችው ናቭራቲሎቫ ሞኒካ ከግራፍ ጋር በጋራ ቁጥር አንድ እንድትሆን ሐሳብ አቀረበች፣ ተቀባይነትም አገኘ። አንዳንዶች ይህን የምሕረት ስጦታ ብለውታል። ስጦታ ይሁን መብት፣ መልሱን ሜዳው ሰጠ። በመጀመሪያ ውድድሯ፣ ቶሮንቶ ላይ፣ ፍፃሜውን አማንዳ ኮትዘርን 6 ለ 0፣ 6 ለ 1 ረትታ ዋንጫ አነሳች። በሁለተኛው፣ በዩኤስ ኦፕን፣ ግራፍን ለማሸነፍ አንድ ዙር ብቻ ቀርቷት ነበር፤ ሁለተኛውን 6 ለ 0 ወስዳ ሦስተኛውን 6 ለ 3 ተሸነፈች። በጃንዋሪ 1996 ሜልበርን ላይ አንኬ ሁበርን በሁለት ዙር አሸንፋ ዘጠነኛውን ግራንድ ስላም ጨመረች።