«አባባ፣ ይቀመጡ!»

ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር የተገኘ ሰው፣ ከጎረምሶቹ መሀል ፀጉራቸው የሸበተ ፈረሰኞችንም ያያል። የፈረሰኞቹ ማኅበር ራሱ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው። ኮርቻ ላይ ለመውጣት ጠንካራ ጭን፣ ላለመውደቅም ሚዛን ያስፈልጋል። እነዚህ አዛውንቶች ያን ጉልበት ያቆዩት ሲሠሩበት ስለኖሩ ነው።

እንዲህ ያለ አባት አንድ ጊዜ ጉንፋን ከጣለው ወይም ደጅ ላይ ከወደቀ በኋላ ግን ቤተሰቡ ከመደብ አያስነሳውም። ውሃ ሲጠይቅ የልጅ ልጅ ትሮጣለች። ከዘራውን ሲያነሳ «አባባ፣ ይቀመጡ፤ እኛ እያለን!» ይባላል። አረጋዊን ስንጦር ከምንሠራቸው ስህተቶች ሁሉ የከፋው ይኼ ይመስለኛል፤ ስህተትነቱ አይታወቅም፣ ጭራሽ ምርቃት ያስገኛል።

ጡንቻ ካልሠራ ይሟሽሻል፤ በእርጅና ዘመን ደግሞ በፍጥነት ይሟሽሻል። በ2007 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት 12 ጤነኛ አረጋውያንን ለ10 ቀን አልጋ ላይ አውሎ ነበር። ከእግራቸው ብቻ አንድ ኪሎ ገደማ ጡንቻ ጠፋ። ጤነኞቹ እንዲህ ከሆኑ፣ የታመመና የምግብ ፍላጎቱ የጠፋ ሰው ምን ያህል እንደሚጎዳ መገመት አይከብድም። እግር ሲደክም ሰው ይወድቃል፤ ሲወድቅ ይፈራል፤ ሲፈራ ደግሞ ጨርሶ ይቀመጣል። ስለዚህ ሐኪም ካልከለከላቸው ባቄላ ይፈልፍሉ፣ ደጅ ወጥተው ፀሐይ ይሙቁ፣ ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ይመለሱ። ከዱካ ላይ እየተነሱ መቀመጥ ራሱ ጥሩ የጭን ሥራ ነው። እኛ ከጎን እንቁም እንጂ አንሸከማቸው።

አነሳሱ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስንቆም ደም ወደ እግር ይወርዳል፤ በወጣትነት የደም ሥሮች ወዲያው ተኮማትረው ግፊቱን ይመልሱታል። በእርጅና ይህ ይዘገያል፤ አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶችም ያባብሱታል። በቆሙ በ3 ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ግፊት በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ሐኪም ሊያውቀው ይገባል። ሌሊት ለሽንት ሲነሱ አልጋው ጠርዝ ላይ ትንሽ ይቀመጡ፤ መንገዳቸው ላይ የተነጠፈ ቁርበትም ይነሣ።

የሌሊቱ ጉዳይ ሌላ መዘዝ አለው። ሽንት ቤቱ ጓሮ ነው፤ ክረምቱ ጭቃ፣ ሌሊቱም ብርድ ነው። እማማ ይህን ስለሚያውቁ ከሰዓት በኋላ ውሃ ባፋቸው አይዞርም። በዚያ ላይ ዕድሜ ሲገፋ የጥም ስሜት ይደበዝዛል፣ ኩላሊትም ውሃ የመቆጠብ አቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ «አልጠማኝም» ማለታቸው ሰውነታቸው ውሃ አልጎደለውም ማለት አይደለም። ቀን ቀን በትንሽ በትንሹ ይጠጡ፤ ሌሊት አልጋው አጠገብ ፖፖ ይቀመጥላቸው። ልብ ወይም ኩላሊት የሚያማቸው ከሆነ የውሃውን መጠን ሐኪም ይወስን።

ትናንት የልጆቻቸውን ስም በቅደም ተከተል የሚጠሩ እናት ዛሬ ጠዋት ቢዘባርቁ፣ ቤተሰብ «እርጅና ነው» ብሎ ያልፋል። የመርሳት በሽታ ግን በወራትና በዓመታት ቀስ እያለ የሚመጣ ነው። በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ድንገት የመጣ መዘባረቅ ብዙ ጊዜ የሳንባ ምች፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የውሃ እጥረት ወይም የመድኃኒት ጉዳት ምልክት ነው። አረጋዊ በኢንፌክሽን ታሞ ትኩሳት ላይኖረው ይችላል፤ ግንባር ዳብሶ «አልሞቃቸውም» ማለት አያዋጣም። ቀኑ ሳይመሽ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው።

የእነዚህ ፈረሰኞች አገር አዊ ብርዳም ነው፤ እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከሰልም ሞልቷል፤ በአዲስ ቅዳም ዙሪያ፣ በፋግታ ለኮማ፣ ገበሬው ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ ተክሎ ያከስላል። ታዲያ ለእማማ ይሙቃቸው ተብሎ የጋለ ምድጃ ገብቶ በርና መስኮት ይዘጋል። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም። በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይያያዛል። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፤ ተኝቶ ያለ ሰው ይህን እንኳ ሳያውቅ ይሞታል። የጋመ ከሰል ከመኝታ በፊት ከቤት ይውጣ። ለብርዱ ተጨማሪ ጋቢና ካልሲ ይበቃል።

መድኃኒቱም ጣጣ አለው። ደኅና ሆንኩ ብሎ የግፊት ክኒን ማቆም፣ ለጉልበት ሕመም ከጎረቤት ዳይክሎፌናክ መዋስ የተለመደ ነው። ዳይክሎፌናክ ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ኩላሊትንና ጨጓራንም ይጎዳል። እንግዲህ በሚቀጥለው ቀጠሮ ዳንግላም ሆነ እንጅባራ ስትሄዱ፣ የሐኪሙንም የጎረቤቱንም፣ የሚውጡትን ሁሉ በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። የደም ግፊታቸውም ተቀምጠው ብቻ ሳይሆን ቆመውም እንዲለካ ጠይቁላቸው።