የቆየ የአለባበስ ጌጥ፤ መለያውና ስያሜው

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በቀረው የምዕራብ ጎጃም ገጠር፣ እንደ ሌላው የአማርኛ ተናጋሪ አገር ሁሉ፣ ጌጥ የሚሰየመው በሚውልበት የአካል ክፍል ነው፤ አልቦ ለቁርጭምጭሚት፣ አምባር ለእጅ፣ ድሪ ለአንገት፣ ጉትቻ ለጆሮ ነው። የተሠራበትን ነገር የሚነግረን ከስሙ የሚቀድመው ቃል ነው፤ ይኸውም የብር አልቦ፣ የነሐስ አምባር እንደሚባለው ነው።

ከከበረ ማዕድን ያልተሠራውን ጌጥ ገበያው «አርቲፊሻል» ይለዋል። በአውሮፓ ይህ ዓይነቱ ጌጥ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ራሱን የቻለ ፋሽን ሲሆን፣ ከልብስ ጋር እንዲስማማ እንጂ ወርቅ መስሎ እንዲያታልል የታሰበ አልነበረም። ስለዚህ «ሐሰተኛ ጌጥ» ማለት ያላግባብ መክሰስ ነው። «ሰው ሠራሽ ጌጥ»ም አይለይም፤ የወርቁንም ጌጥ የሠራው ሰው ነውና። «የአለባበስ ጌጥ» እንዲባል ሐሳብ እናቀርባለን። ስለ ዕድሜው ደግሞ «አሮጌ» ያዋርዳል፣ «ጥንታዊ» ያጋንናል፤ «የቆየ» ይበቃል።

ለጀማሪ ሰብሳቢ የሚከተሉት መለያዎች ይጠቅማሉ።

ሀ/ ብር ሲቆይ ይጠቁራል፤ ነሐስና መዳብ ግን እርጥበት ሲያገኛቸው አረንጓዴ ዝገት ያወጣሉ።

ለ/ ቅብ የሆነ ጌጥ በሚፋተግበት ጠርዝ ላይ የውስጡን ቢጫ ወይም ቀይ ማዕድን ያሳያል። ማግኔት የሳበው ጌጥ ውስጡ ብረት ሊሆን ይችላል፤ አለመሳቡ ግን ብርነቱን አያረጋግጥም፤ ነሐስም አይሳብምና።

ሐ/ በድሪ ላይ በተንጠለጠለ ጠገራ ብር የሚነበበው 1780 የዕድሜ ማስረጃ አይደለም። ማሪያ ቴሬዛ በዚያ ዓመት ከሞተች በኋላ ገንዘቡ ያንኑ ዓመት እንደያዘ ለረጅም ዘመን ተመትቷል። ትክክለኛው ጠገራ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው።

አንጥረኞች ጠገራውን እያቀለጡ ጌጥ ይሠሩበት ስለነበር፣ ተርጓሚ ሊጠነቀቅበት የሚገባ አሻሚነት አለ። «የአራት ብር አልቦ» የሚለው ሐረግ ዋጋውን ወይም ቀልጦ የገባበትን የጠገራ ብዛት ሊያመለክት ይችላል፤ የሚለየውም በአገባቡ ብቻ ነው።

ስለሆነም ሰብሳቢው ከጌጡ ጋር ባለቤቲቱ የጠራችበትን ስም፣ ቀበሌዋንና ጌጡ የሚደረግበትን ጊዜ እንዲመዘግብ ያስፈልጋል። «አሮጌ ሐብል» ተብሎ የተመዘገበ ድሪ ለመዝገበ ቃላት የሚሰጠው ነገር የለም። አልቦ ቀልጦ ቀለበት ቢሆን ብሩ በሌላ መልክ ይቀጥላል፤ ስሙ ግን ካልተጻፈ ከተናጋሪዎቹ ጋር ያልፋል።