ቡታጋዝ በሚዛን ይገዛ

በአውቶቡስ ተራ አካባቢ የሚገኝ አጥቢያ ለነዳያን ምገባ ቡታጋዝ በብዛት ሲገዛ፣ የሲሊንደሩን ቁጥር ብቻ ሳይሆን የጋዙንም ክብደት ሊያረጋግጥ ይገባል። የባዶው ሲሊንደር ክብደት በአንገቱ አካባቢ ወይም በአካሉ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ለምሳሌ ባዶው 14፣ ሙሉው 25 ኪሎ ግራም ቢመዝን፣ ጋዙ 11 ኪሎ ነው። የተከፈለው ለ12 ኪሎ ከሆነ፣ የአንዱ ኪሎ ዋጋ ከነዳያን ማዕድ ተቀንሷል።

ስለዚህ ሰበካ ጉባኤው ከሁለት ወይም ከሦስት ነጋዴዎች የአንዱን ኪሎ ዋጋ ይጠይቅ፤ በርክክብ ጊዜ እያንዳንዱን ሲሊንደር ይመዝን፤ የሲሊንደር መያዣው ገንዘብ ከጋዙ ዋጋ ተለይቶ በደረሰኝ ይመዝገብ። አጎራባች አጥቢያዎች በአንድነት ቢገዙ የመደራደር ዐቅማቸው ይጨምራል። የመክፈቻው ዙሪያ በሳሙና ውኃ ተቀብቶ አረፋ ከፈጠረ፣ ጋዝ ያፈሳልና ለሻጩ ይመለስ። የምእመናን መባ አደራ ነው።